አረንጓዴዋ ቅጠል

ባለፈው ዓመት ለአንድ ሆቴል የቡኪንግ ሳይት ሠርቼ ነበር። ስሙን አልናገርም፤ ወልቂጤም ቡታጅራም ዘመድ አለኝ፣ የመስቀል ክትፎዬን ደግሞ በሰላም መብላት እፈልጋለሁ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ባለቤቱ ደወሉ። "ኢኮ ሎጅ የሚል ጨምርበት እስቲ። ከጎኑም ቅጠል ነገር አድርግ፤ ፈረንጅ ይወዳል" አሉኝ። ጨመርኩ። አንድ መስመር ኮድ ናት። ከደቂቃ በፊት ተራ ሆቴል የነበረው ቤት ለአካባቢ ተስማሚ ሆነ።

ከዚያ ፎቶ ለማንሳት ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ትልልቅ ሮቶዎች ተደርድረዋል፤ ቦቴ መጥቶ ይሞላቸዋል። ከጄኔሬተሩ አጠገብ የሃይላንድ ክምር አለ፤ ማታ ማታ ይቃጠላል። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ቢጫ ጀሪካኑን አሰልፎ ውሃ ይጠብቃል። እኔም ጎበዝ ነኝ፣ ካሜራዬን ወደ አበባው አዞርኩ።

ወልቂጤ ላይ ውሃ ቀልድ አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነዋሪው ባዶ ጀሪካን ይዞ ውሃ ለመጠየቅ አደባባይ ወጥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እንግዲህ ሰው ለውሃ በሞተበት ከተማ "አረንጓዴ" የሚለውን ቃል የሚጠቀም ሁሉ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ የእንግዳህ ሻወር ውሃ ከየት ይመጣል? ከማንስ ወረፋ?

ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሻርም ኤል ሼክ በረሃ ላይ የተሠራች የቱሪስት ከተማ ናት፤ የባሕር ውሃ በኃይል አጣርታ ትጠጣለች። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እዚያው ተካሄደ፣ እሷም አረንጓዴ ተባለች። እኛ በረሃ አይደለንም፤ ዝናብ አለን፣ ግቤ አለን። የጎደለን ቧንቧ ነው።

"ታዲያ ቱሪስት አይምጣ ነው የምትለው?" የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ የግቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክም አለ። ሰው መጥቶ ይይ፣ ልጆቻችንም ሥራ ያግኙ። ሥራ ያጣ ወጣት ዛፍ ቆርጦ ከሰል እንደሚሸጥ እኔም አውቃለሁ። ግን የሥራ ዕድል አንድ ነገር ነው፣ አረንጓዴነት ሌላ ነገር ነው። አንዱን አሳይቶ የሌላውን ስም መውሰድ ማጭበርበር ነው።

የሚገርመው፣ ይሄንን ነገር ከፈረንጅ መማር አልነበረብንም። እንሰትን ተመልከቱ፦ ቆጮው ይበላል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ኮባው መጠቅለያ ነው፣ የተረፈው ለከብት ነው። ዛሬ ቆጮውን በኮባ አቅርበን "ባህላዊ" እንላለን፣ ለመንገድ ደግሞ በፌስታል ጠቅልለን እንሰጣለን። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ የኛ ኮባ ግን ከአዋጁ በፊት ነበረ።

ጀፎረንም ተመልከቱ። ያ ሰፊ ሣር የለበሰ መንገድ እስከ ዛሬ የቆየው ጉራጌ የተለየ ተፈጥሮ ወዳድ ስለሆነ አይደለም። ሕግ ስላለው ነው። አጥሩን ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ይቀጣል። የኔ ቅጠል ግን ማን ፊት ትቆማለች?

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። ከቅጠሏ ሥር ቁጥር ይጻፍ። በአንድ እንግዳ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይወጣል? ቆሻሻው የት ይደፋል? ኩሽናው በምን ይነዳል? ሆቴሉ ውሃ ሲያስገባ ለሰፈሩ አንድ ቦኖ አብሮ አስገብቷል ወይ? ይሄን ከመለሰ ቅጠሉን በደስታ በነጻ እሠራለታለሁ።

ጥያቄዎቹን ለባለቤቱ ልኬያቸው ነበር። መልስ አልመጣም። ቅጠሏን ላነሳት ስገባ ደግሞ ፓስወርዱ ተቀይሯል። ለመስቀል ስትወርዱ እናንተ ጠይቁልኝ።