ካምቢዮው ሳይቃጠል በቅጠል

በሃውቶርን ያደግን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ የቤታችን አስተርጓሚዎች ነን። የባንክ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የኢንሹራንስ ወረቀት ሁሉ በእኛ አፍ ያልፋል። ከእነዚህ መካከል ምንም ሳንዘጋጅ የምንገባበት ቦታ ግን ጋራዥ ነው።

በነርሲንግ ትምህርቴ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ እንዳለበት ነው። ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ አይፈቀድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ቋንቋ መቻልና ስለ ጉበት ማወቅ አንድ አይደሉም። ጋራዥ ውስጥ ግን አስተርጓሚው ያው እኛ ነን። ቃሉን እንተረጉማለን፣ ነገሩን ግን አናውቀውም። አባቶቻችን ደግሞ ነገሩን ያውቃሉ፣ ቃሉ የላቸውም። በዚህ ክፍተት መሃል ብዙ ገንዘብ ይፈሳል። ስለዚህ ቋንቋውን የምንችል ልጆች መኪናውንም ትንሽ እንወቅ እላለሁ። ለመጀመር ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ መስመር ጥሩ ትምህርት ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ በሥራ ላይ ይግላል፤ ስለዚህ በአንድ ቀጭን መስመር ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ይቀዘቅዝና በሌላ መስመር ይመለሳል። መስመሮቹ ከፊላቸው ብረት፣ ከፊላቸው ጎማ ናቸው። መኪናው ሲያረጅ ጎማው በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ጎማና ብረት በሚጋጠሙበት ቦታም ዘይቱ ማላብ ይጀምራል። በረዶና የመንገድ ጨው ባለበት ከተማ ብረቱም ይዝጋል። እዚህ ሎስ አንጀለስ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሙቀትና ዕድሜ ነው።

አባቶቻችን መኪና አያውቁም ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዲ ኤክስ የሚባለውን አሮጌ ኮሮላ ነድተው፣ ኮፈን ከፍተው፣ እጃቸውን በዘይት አጥቁረው ያደጉ ናቸው። ነገር ግን ያ መኪና የእጅ ማርሽ ነበር። የእጅ ማርሽ ካምቢዮ ዘይቱን እዚያው ሆዱ ውስጥ ይዞ ይኖራል እንጂ እንደ ልማዱ ወደ ራዲያተር አይልክም። ስለዚህ ከመኪናው ፊት፣ ራዲያተሩ ሥር፣ ቀይ ዘይት ሲያዩ ከካምቢዮ የመጣ ነው ብለው ላይጠረጥሩ ይችላሉ። ቋንቋውም አያግዛቸውም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኮፈን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፌርፋክስ ላይ ቡና እየጠጣችሁ "ካምቢዮዬ ተበላሸ" ብትሉ ሁሉም ያዝንላችኋል። ሃውቶርን ቡሌቫርድ ላይ ግን የሚገባው ቢኖር ስፓኒሽ ተናጋሪው መካኒክ ነው፤ በእሱም ቋንቋ ካምቢዮ ከማርሽ ጋር የተያያዘ ቃል ነውና።

ባለፈው ዓመት የእኛም ቤት ይህን አይቷል። አባቴ ወደ ሥራ የሚሄድባት የ2003 ካምሪ ሥር ቀይ ጠብታ መታየት ጀመረ። አንድ ጋራዥ መኪናዋን እንኳ ሳያነሳ ካምቢዮው በሙሉ መቀየር አለበት አለ፤ ዋጋውም በብዙ ሺህ ዶላር ነበር። አባቴ መኪናዋን ለመጣል ተነሳ። መኪና ከሌለው ደግሞ የሌሊቱ ሥራ የለም፤ የእኔም የትምህርት ክፍያ ከዚያው ሥራ ነው የሚወጣው። ሌላ መካኒክ ግን ቦታውን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሞተሩን አስነስቶ በባትሪ መብራት ተመለከተ። ያረጁት ከራዲያተሩ ግርጌ ያሉት ሁለት አጫጭር ጎማዎች ነበሩ። ጎማዎቹና ማጥበቂያ ቀለበቶቻቸው ከአንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ያነሰ ዋጋ ነበራቸው።

ነርሲንግ ውስጥ ከመድኃኒት በፊት ምርመራ ይቀድማል። መኪናም እንደዚሁ ነው። ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፉና ጠዋት ጠብታው የት እንደወደቀ ተመልከቱ። በጋ ላይ ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ አያስደነግጥም። ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነኩት የሚያንሸራትት ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል። ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም፤ የአንዳንድ ቶዮታዎች የራዲያተር ውሃም ቀይ ወይም ሮዝ ነው፤ እሱ ግን እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፣ ሽታውም ጣፈጥ ይላል። ጓንት አድርጉ። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚበትነው፣ የፈሰሰውን ጠርጋችሁ መጀመሪያ የሚረጥበውን ከፍተኛውንና የፊተኛውን ቦታ ፈልጉ።

ጥገናው ቀላል ቢሆንም ደንብ አለው። ጎማው ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ መሆን አለበት፤ ለማሞቂያ ውሃ የተሠራ ጎማ በዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የብረቱ ጫፍ ጎማው እንዳይሾልክ የሚይዝ ጉብታ ያስፈልገዋል። በብዙ አሮጌ ፒክአፖች ላይ እንደሚታየው ጎማና ብረቱ በፋብሪካ ተጨምቀው የተያያዙ ከሆነ፣ ሙሉውን መስመር መቀየር ከመጠጋገን ይሻላል። ራዲያተሩ ላይ በጥርስ የሚታሰረውን ስትፈቱ በአንድ መፍቻ መግጠሚያውን ያዙ፣ በሌላው ፍቱ፤ አለዚያ ራዲያተሩን ትጎዳላችሁ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። በመጨረሻ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ዓይነት ዘይት ሞልቶ፣ መመሪያው በሚለው መንገድ መለካት ነው፤ አንዳንዱ ሞተሩ እየሠራ፣ አንዳንዱ ጠፍቶ ይለካል።

"ዘይት እየጨመርኩ እነዳዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ?" የሚል አለ። ችግሩ ዘይቱ ሲያንስ ግፊቱ ይወርዳል፣ በውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። የሚፈሰው ዘይት የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ከወደቀም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ፍሳሽ አቆማለሁ የሚል ጠርሙስ መጨመርም የተሰነጠቀ ጎማ አይሰፋም። አባቶቻችን ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለካምቢዮ ባይሆንም ለካምቢዮ በትክክል ይሠራል።

ሁሉም መካኒክ አጭበርባሪ ነው እያልኩ አይደለም። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ማርሹም ከተንሸራተተ፣ ጎማ መቀየር ላያድነው ይችላል፤ ካምቢዮው ሞቷል የሚለው መካኒክ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምርመራውን አሳዩኝ ማለት መብት ነው። ካሊፎርኒያ ከ1971 ጀምሮ የአውቶሞቢል ጥገና ሕግ አላት። ጋራዥ በመንግሥት መመዝገብ አለበት፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ያለ ፈቃዳችሁ ከግምቱ በላይ ማስከፈል አይችልም። ሥራውን ስትፈቅዱ ከጠየቃችሁም የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይመልስላችኋል፤ በዋስትና ወይም በልውውጥ ወደ አምራቹ የሚመለስ ከሆነም ታዩታላችሁ። ቅሬታ ያለው ሰው ለግዛቱ የአውቶሞቢል ጥገና ቢሮ ያለ ክፍያ ማመልከት ይችላል። ወላጆቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው፣ በአማርኛ ልንነግራቸው የምንችለውም እኛ ነን።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመኪናው የወጣውን ዘይት ወደ መንገድ ፍሳሽ አትድፉት። በሃውቶርን የሚያልፈው የዶሚንጌዝ ቦይ የጎዳናውን ውሃ ይዞ የሚወርደው ወደ ሎስ አንጀለስ ወደብ ነው። በክዳን አሽጋችሁ፣ ከራዲያተር ውሃ ሳትቀላቅሉ፣ ያገለገለ ዘይት ወደሚቀበሉ የመለዋወጫ ሱቆች ውሰዱት።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ከሃውቶርን አጠገብ ያለው ኤል ካሚኖ ኮሌጅ ነርሲንግም ያስተምራል፣ የአውቶሞቢል ሙያም ያስተምራል። በየሴሚስተሩ አንድ ቅዳሜ የሙያውን ተማሪዎች እንጋብዝ፤ እነሱ ከመኪናው ሥር ያሳዩ፣ እኛ በአማርኛ እናስረዳ፣ ወላጆቻችንም የሚያውቁትን ይጨምሩበት። የቃላት ዝርዝርም አብረን እናዘጋጅ፤ በአንድ በኩል ካምቢዮና ፍሪሲዮን፣ በሌላው በኩል ጋራዡ የሚጠቀምባቸው ቃላት፣ ከሥሩም ከላይ የጠቀስኳቸው መብቶች። በአንድ ገጽ አትመን ፌርፋክስ ያሉ ምግብ ቤቶችና ሱቆች እንዲያስቀምጡልን ብንጠይቅ የሚከለክሉን አይመስለኝም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የመኪናን በሽታ ደግሞ ካርቶን አንጥፎ የሚያይ ሰው ካለ መደበቅ ያቅተዋል። ዛሬ ማታ አንጥፉ።