ፍቅር በገድል ውስጥ፦ የወለተ ጴጥሮስንና የእኅተ ክርስቶስን ታሪክ ማን ያንብበው?

መግቢያ

ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 በግእዝ የጻፈው «ገድለ ወለተ ጴጥሮስ» በአሁኑ ጊዜ በዓለም አቀፉ የጥናት መድረክ በስፋት ከሚነሡ የኢትዮጵያ ገድላት አንዱ ነው። የገድሉ ዐቢይ ጉዳይ በካቶሊካዊነት ላይ የተደረገው ተጋድሎ ቢሆንም፣ ክርክሩን ያፋፋመው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሁለት ሴቶች መካከል የነበረው ፍቅር ምን ዓይነት ነበር? በዚህ ክርክር በአገር ውስጥ የሚገኙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ይህ ጽሑፍ ዝምታው ለጽሑፉም ለእምነቱም ክብር የማይጨምር መሆኑን ይሞግታል።

ታሪኩና ዘመኑ

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደች። የአፄ ሱስንዮስ አማካሪ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ የወለደቻቸው ሦስት ልጆችም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበለበት ዘመን ባሏን ትታ መነኮሰች። እኅተ ክርስቶስም በተመሳሳይ መንገድ ባልና ልጅ ትታ የመጣች ሴት ነበረች። ገድሉ ሁለቱ ገና ሲተያዩ እንደተዋደዱ፣ ከዚያም ወዲያ በምንኩስና ሕይወት አብረው እንደዘለቁ ይተርካል። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 ስታርፍ ማኅበሯን የመምራት ኃላፊነት የወደቀው በእኅተ ክርስቶስ ላይ ነበር።

ዘመኑ ይህን ሕይወት በጸጋ አልተቀበለውም። ለመኳንንት ሴት ባልን ጥሎ መሄድ ትዳርን ብቻ ሳይሆን በሁለት ወገኖች መካከል የታሰረውን ዝምድና ማፍረስ ነበር። የንጉሡን እምነት በአደባባይ መቃወም ደግሞ ወለተ ጴጥሮስን ወደ ዠበይ አስግዟታል። ስለዚህ ፍቅራቸው የተከለከለ ነበር ከተባለ፣ ክልከላው በመጀመሪያ የሚታየው ከቤተሰብና ከቤተ መንግሥት በኩል ነው።

ሁለቱ ንባቦች

የገድሉን የግእዝ ንባብ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1912 አሳተመው፤ የላንፍራንኮ ሪቺ የጣልያንኛ ትርጉም በ1970 ወጣ። ዌንዲ ላውራ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር የእንግሊዝኛውን ትርጉም በ2015 ካሳተሙ በኋላ፣ ቤልቸር የሁለቱን ሴቶች ቁርኝት በድንግልና የተጠበቀ ቢሆንም የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር አድርጋ ተረጎመች። ለዚህም ወለተ ጴጥሮስ ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው ሲፈላለጉ አየች የሚለውን ክፍል ጭምር ጠቀሰች። ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2020 ባወጣው ሂስ ትርጉሙን የተዛባና የአፍሪካን ታሪክ በቅኝ ገዥ ዓይን ዳግም የጻፈ ሲል ነቅፎታል።

በቤልቸር ንባብ ላይ የሚነሣው ብርቱ ጥያቄ የሥነ ዘዴ ነው። ስለ ወጣቶቹ መነኮሳይያት የሚናገረው ክፍል የሚተርከው ስለ ሌሎች ሴቶች ነው፤ ድርጊቱንም እንደ ፈተና ያቀርበዋል እንጂ አያወድሰውም። ይህን የሁለቱን ሴቶች ግንኙነት መክፈቻ ቁልፍ ማድረግ አንዱን ምስክር በሌላው ጉዳይ ላይ ማስመስከር ነው። ከዚህም በላይ በግእዝ «ፍቅር» የሚለው ቃል እግዚአብሔርንም፣ መምህርንም፣ ባልንጀራንም ያቅፋል።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ፣ የይርጋን ያህል ወደ ቋንቋው ሳይወርዱ በቁጣ ብቻ የሚያልፉ ሰዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ያንን ክፍል የጻፈው የውጭ አገር ሰው ሳይሆን በሥርዓተ ምንኩስና የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። ገዳማት ጠብቀውታል፤ ጸሐፍት ገልብጠውታል። በቅጂዎች መካከል የንባብ ልዩነት አለ ከተባለም፣ መልሱ የሚገኘው ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማነጻጸር ነው። የሁለቱ ሴቶች ፍቅርም «የገድል ወግ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ ደራሲው ከብዙ ደቀ መዛሙርት መካከል ለአንዲቱ የሰጠው ቦታ ማብራሪያ ይሻል።

የዝምታው ምክንያት

ዝምታው በከፊል ከፍርሃት ይመነጫል። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 ያስቀጣ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አንቀጽ 629 ያስቀጣል። ሁለቱም ድንጋጌዎች የሚቀጡት ድርጊትን ነው፤ የዐሥራ ሰባተኛውን ክፍለ ዘመን ድርሳን ማንበብ ከዚያ ውስጥ አይገባም። ሆኖም ፍርሃት ይህን ልዩነት አያስተውልም፤ ተማሪውም ርእሱን ከመምረጡ በፊት ይተወዋል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ጥያቄውም መልሱም በሌሎች እጅ ይቀራል፣ የአገር ውስጡ ድርሻም ከታተመ በኋላ መቆጣት ብቻ ይሆናል።

ሰሜን ወሎ ምን ማበርከት ይችላል?

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ የሚገኝ አጥኚ ለዚህ ንባብ የሚረዳ ዕውቀት በአቅራቢያው አለው። መንዙማ ሲሰማ ያደገ ሰው የናፍቆትና የፍቅር ቃል ለነቢይ ሲቀርብ ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያሻውም። ቅኔ የተማረም ሰሙን ትቶ ወርቁን ብቻ፣ ወይም ወርቁን ትቶ ሰሙን ብቻ መያዝ ንባብ አለመሆኑን ያውቃል። የመንፈሳዊ ፍቅርን ቋንቋ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ ሦስት ሥራዎች ይቀድማሉ። አንደኛው የገድሉን ቅጂዎች አከራካሪ በሆኑት ክፍሎች ላይ ቃል በቃል ማነጻጸር ነው። ሁለተኛው የፍቅርን ቃላት በሌሎች ገድላት፣ በተለይም በወንድ መነኮሳት መካከል ባለው ፍቅር፣ እንዴት እንደገቡ መመርመር ነው፤ ለወንዶቹ መንፈሳዊ የሚባለው ለሴቶቹ ሌላ ስም የሚሰጠው ከሆነ ምክንያቱ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛው የአብነት መምህራንን በመረጃ ሰጪነት ብቻ ሳይሆን በተመራማሪነት ማሳተፍ ነው።

ማጠቃለያ

ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ የዛሬን ስያሜዎች አያውቋቸውም ነበር፤ ስለዚህ ስያሜ መለጠፍ አይገባም። ነገር ግን የተዋደዱ ሁለት ሴቶች መሆናቸውን የነገረን የራሳቸው ማኅበር ደራሲ ነው። ገላውዴዎስ ሊጽፈው ያልፈራውን፣ ተመራማሪ ሊያነበው ሊፈራ አይገባም።