ፍሬኑ ይይዛል፤ መብራቱስ?

ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር «የፍሬን መብራትህ አይበራም» ሲባል መልሱ ይታወቃል፦ «ፍሬኑ እኮ ይይዛል!» እውነቱን ነው። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የፍሬን መብራት የተሠራው ለሹፌሩ አይደለም፤ ከኋላው ለሚመጣው ነው። የሚያበራው ከፍሬን ፔዳሉ በላይ የተገጠመ ትንሽ ስዊች ነው። ፔዳሉ ሳይረገጥ ሲቀር ክንዱ የስዊቹን ጫፍ ተጭኖ መስመሩን ያቋርጠዋል። ሲረገጥ ጫፉ በሞላ ተገፍቶ ይወጣና ኤሌክትሪኩ ከፊውዝ ወደ ኋላ አምፖሎች ያልፋል። ስዊቹ ቢቃጠል የፍሬን ዘይቱም ሸራውም ምንም አይሆኑም፤ መኪናው እንደወትሮው ይቆማል። ሹፌሩ እግሩ ላይ የሚሰማው ለውጥ የለም። የጫፉ ማረፊያ ፕላስቲክ ከተሰበረ ደግሞ መብራቱ እንደበራ ይውላል። ያኔም ከኋላ ያለው ፍሬኑ መቼ እንደተያዘ አያውቅም።

ክረምት ነው፣ ጉም ወርዷል እንበል። የገበያተኛ አህያ መንገድ ገባች፤ ሚኒባሱ ቆመ። ከኋላው ጤፍ የጫነ አይሱዙ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየመጣ ነው። በዚህ ፍጥነት የአንድ ሰከንድ መዘግየት ወደ 17 ሜትር ነው። ርቀት መጠበቅ የአይሱዙው ሹፌር ግዴታ ነው፤ መቆሙን የማሳወቅ ግዴታ ግን የሚኒባሱ ነው። በሁለቱ መካከል የሚጨፈለቀው የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው።

«ቦሎ አለው» የሚለው ክርክርም አያዋጣም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገው ምርመራ ዓመታዊ ነው። በቀን ስንት መቶ ጊዜ የሚረገጥ ፔዳል ስዊች በምርመራው ማግስት ሊበላሽ ይችላል።

መፍትሔው አዲስ መመሪያም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። መኪናው ከመናኸሪያ ሳይወጣ ሹፌሩ ፔዳሉን ይርገጥ፤ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ ይመልከት። «በራ?» «በራ።» «ጠፋ?» «ጠፋ።» አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካልበራ ወይም አልጠፋም ካለ አይውጣ። ትርፍ ሰው መጫኑን የሚቆጣጠር ሁሉ ይህንንም ይቆጣጠር። ባለንብረቱም በየማታው ገቢውን ሲቀበል ስለ መብራቱ ይጠይቅ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የቢቸናና የሞጣ ተሳፋሪም ከመሳፈሩ በፊት ከመኪናው ኋላ ቆሞ «እስቲ ፍሬን ያዝ» ማለት ይልመድ። የተጫነው የራሱ ነፍስ ነውና።