ውዝዋዜ በትምህርት እንጂ በደም አይገኝም

በከተማችን ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ አባባል አለ፤ እርሱም «የኢትዮጵያ ልጅ እስክስታን ከእናቱ ማሕፀን አውቆ ይወጣል» የሚል ነው። አባባሉ በሰርግ ቤት ለጨዋታ ብቻ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርሁት ነበር። ነገር ግን ለሰው እንጀራ የሚሰጥበትና የሚነፈግበት ፍርድ ሆኖ ባየሁት ጊዜ ዝም ማለት አልቻልሁም። ስለዚህ አባባሉ ሐሰት መሆኑን፥ ሐሰትነቱም ተፈታኙንና ፈታኙን እኩል እንደሚያሳስት በዚህ ገጽ ለመግለጥ አሰብሁ።

በምኖርበት በአየር ጤና ሰፈር፥ ከቤቴ ሦስተኛው ግቢ፥ አንድ ወጣት አለ። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ጥቂትም ዜማ ተምሮ ያደገ ነው፤ ድምፁም መንገደኛ ያቆማል። እናቱ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አሳደገችው። ባለፈው ዓመት አንድ ቴአትር ቤት ለሙዚቃዊ ተውኔት ሰዎች እንደሚመርጥ ሰማ። የቤቱን ስም አላነሣም፤ ክርክሬ ከልማዱ ጋራ ነውና። ልጁ ማልዶ ተነሣና በታክሲ እስከ ሜክሲኮ ሄዶ፥ ከዚያ በእግሩ ደርሶ፥ ዛሬ ኦዲሽን ከሚሉት ፈተና ፊት ቆመ።

አርባ የሚሆኑ ሰዎች በአራት ረድፍ ተሰለፉ። አሠልጣኙ በፊታቸው ቆሞ እስክስታውን፥ ከዚያም ጉራጊኛውን፥ ከዚያም ወላይትኛውን ስምንት ስምንት ጊዜ እየቈጠረ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ አሳያቸውና ሙዚቃው ተከፈተ። ወጣቱ እስክስታውን እንደ ምንም ተወጣው፤ በጉራጊኛው እግሩ ተጠላለፈ፤ በሦስተኛው ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ፈታኙ «እናመሰግናለን» ብሎ አሰናበተው። ማታ ወደ ቤቴ መጥቶ «የኔታ፥ ድምፄን ሳይሰሙ እግሬን አይተው መለሱኝ» አለኝ። እኔም «ልጄ፥ ስንት ቀን ተለማመድህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሦስት ቀን፥ በስልክ ምስል እያየሁ፤ ውዝዋዜማ በደማችን ያለ ነው፥ ምን ትምህርት ያሻዋል ብዬ ነው» ሲል መለሰልኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የሁለቱም ነው፤ የሁለቱም ጥፋት ደግሞ ሥሩ አንድ ነው። ወጣቱ ውዝዋዜ በደም ይገኛል ብሎ ስላመነ ሳይማር ሄደ። ፈታኙም ውዝዋዜ በደም ይገኛል ብሎ ስላመነ አንድ ጊዜ አይቶ «አልተሰጠውም» ብሎ ፈረደ።

አባባሉን የሚያፈርሰው በመጀመሪያ የገዛ አገራችን ነው። የጐጃምና የወሎ ሰው በትከሻው እንኳ አንድ አይደለም። የጉራጌ ጨዋታ ኃይሉ በእግር ፍጥነት ነው፤ የወላይታው በወገብ ነው። የሐረርጌ ኦሮሞ ሸጎዬውን ፊት ለፊት ቆሞ በአንገቱ ይጫወታል፤ የትግራይ ሰው ከበሮውን ተከትሎ ክብ ይዞራል። ውዝዋዜ በደም የሚወረስ ከሆነ ይህን ሁሉ ለአንድ የአየር ጤና ልጅ የሚሰጠው የትኛው ደም ነው? አንዱን አውቆ ሌላውን ማጣቱስ ከምን መጣ? እውነቱ እንዲህ ነው፤ ሕፃን በሰርግና በጥምቀት የሚያየውን፥ መማሩን ሳያውቅ ይማራል። እኛም ሲማር ስላላየነው ከደም ነው እንላለን። ትምህርት ግን ተማሪው ስላላወቀው ትምህርት መሆኑ አይቀርም።

ሁለተኛው ምስክር የጉባኤ ቤታችን ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች «ቤተ ክርስቲያንን ከቴአትር ጋራ ምን አገናኛት?» ይሉኝ ይሆናል። ማኅሌትን ከዘፈን ጋራ አላስተካክልም፤ አንዱ አምልኮ ነው፥ ሁለተኛው ጨዋታ ነው። የማነጻጽረው የመማሩን መንገድ ብቻ ነው። በበዓል ዋዜማ ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው እንደ አንድ አካል ሲያሸበሽቡ ያየ እንግዳ፥ እንዲህ ሆነው የተወለዱ ይመስለዋል። እኛ ግን አቋቋም የራሱ መምህርና የራሱ ጉባኤ እንዳለው፥ ዝማሜው፥ መረግዱና ጽፋቱ በየተራ እንደሚጠና፥ ተማሪም ለዚህ ሲል እስከ ጎንደር በአታ ሄዶ ዓመታት እንደሚቀመጥ እናውቃለን። እንግዳ ተማሪ በደጅ በደረሰ ቀን «እስቲ ወረብ ወርብ» ብሎ የሚፈትን፥ ባይችልም የሚመልስ መምህር አላየሁም።

ቅኔም እንደዚሁ ነው። ጀማሪ መወድስ አቅርብ አይባልም። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ከዛፍ ሥር ሲቈጥር ይውላል፥ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፥ ይታረማል። እኔ ራሴ ቅኔ ቤት በገባሁ ጊዜ ለብዙ ሳምንታት ቤት ይሰበርብኝ ነበር። መምህሬ ግን «የቅኔ ደም የለህም» አላሉኝም፤ «ሂድ፥ ነገም ቍጠር» አሉኝ እንጂ። ይህን ባይሉኝ ኖሮ ዛሬ ብዕር አልይዝም ነበር።

ሦስተኛው ምስክር በዚሁ በአዲስ አበባ የተደረገ ሥራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የውዝዋዜ መምህር መጥቶ፥ ከ100 የሚበልጡ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ፥ ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ የደረሰውን ካርሚና ቡራና የተባለ የሙዚቃ ሥራ በውዝዋዜ አሳየ። ከዚያም ሥራ አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተነሣ፤ ወጣቶቹም ለዓመታት ተማሩ። ከእነርሱ አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የሮሌክስ ኩባንያ በሚያካሂደው የመምህርና የደቀ መዝሙር መርሐ ግብር፥ ከታወቀው ጃፓናዊ ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ዘንድ እንዲማር ተመረጠ። እነዚህን ልጆች ጎዳና ላይ ሳሉ በአንድ ጥዋት ፈተና ቢመዝኗቸው ኖሮ ስንቶቹ ያልፉ ነበር? ዘመድ ያላበጀላቸውን ትምህርት አበጀላቸው።

ፈታኞቹም መልስ አላቸው። «ተውኔቱ በሁለት ወር ውስጥ መድረክ ላይ መዋል አለበት፤ እኛ ትምህርት ቤት አይደለንም» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፥ አልክድም። የተወዛዋዦች አለቃ የሚሆነውን የሠለጠነውን መምረጣቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ መድረካችን ዘፈንንም ውዝዋዜንም ንግግርንም አጣምሮ የያዘ ነው፤ ሁሉም ሰው በሁሉም ሥራ እኩል ሆኖ አያውቅም። በድምፁ ተውኔቱን የሚሸከም ሰው አለ፤ እርሱን አስቀድሞ በድምፁ፥ ኋላ በእግሩ መመዘን ይገባል። በኒው ዮርክ ትልልቆቹ ቴአትሮች ዘፋኙንና ተወዛዋዡን ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይጠራሉ። በዚያው ከተማ በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረውና እስከ 1990 6,137 ጊዜ የታየው «ኤ ኮረስ ላይን» የሚባለው ተውኔት ታሪኩ ራሱ የተወዛዋዦች ፈተና ነው። ከ17 ተወዳዳሪዎች 8 ብቻ ያልፋሉ፤ ነገር ግን ፈታኙ እግራቸውን ካየ በኋላ እያንዳንዳቸው ማን እንደ ሆኑ ይጠይቃቸዋል። የእኛው ፈታኝ ግን የዚያን ልጅ ስሙን እንኳ አልጠየቀም።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ውዝዋዜውን አንድ ጊዜ በማሳየት ፈንታ ሦስት ጊዜ አሳዩ፤ ተፈታኙም ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ምን ያህል እንደ ተሻሻለ ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ማየት ትናንት የተማረውን ብቻ ያሳያችኋል፤ ሦስት ጊዜ ማየት ግን ነገ መማር የሚችለውን ይገልጥላችኋል። ይህም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ለወጣቱም ዝም አላልሁትም፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና። ሰፈርተኛው «ሁለተኛ እንዳትሄድ፥ ትዋረዳለህ» ሲለው ሰምቻለሁ። እኔ ግን እንዲህ አልሁት፤ «ሂድ፥ ነገር ግን እንደ አምናው አትሂድ። ሦስት ወር አስቀድመህ ከሚያውቅ ሰው እግር ሥር ተቀመጥ፤ የስልክ ምስል ስሕተትህን አያርምህም። መጀመሪያ እግሩን ብቻ ያዝ፤ ትከሻውን ኋላ ጨምር። በፈተናው ቀን አሠልጣኙ ከሚታይበት ቦታ ቁም። የሠለጠንህ አትምሰል፤ ዘፋኝ መሆንህን፥ ውዝዋዜ ገና እየተማርህ መሆንህን አስቀድመህ ተናገር። ብትስት አትቁም፤ የሳተ በሚቀጥለው ቍጥር ይገባል፥ የቆመ ግን ራሱን አሰናበተ።»

አሁን በየማለዳው፥ እናቱ ምጣድ ስትጥድ፥ እርሱ በግቢው ጥግ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» እያለ ሲቈጥር እሰማለሁ። የቅኔ ቤት ቈጠራዬ ትዝ ይለኛል። በሚመጣው ፈተና ያልፍ አያልፍ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ቢወድቅም ገና ስላልተማረ ይወድቃል እንጂ ደም ስለ ጐደለው አይደለም። ይህንንም ለፈታኙ የሚነግረው ሰው ቢጠፋ ይህ ጽሑፍ ይንገረው።