ዋይፋዩ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ይድረስ

እንደሚታወቀው ለዕጩ መምህር ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ መማሪያ ክፍሉ ነው። ዛሬ ደግሞ መደርደሪያ ላይ የጠፋውን መጽሐፍ የምንፈልገው በኢንተርኔት ነው። ይሁን እንጂ የግቢያችን ዋይፋይ ከአስተዳደሩ ሕንፃ አልፎ አይሄድም። ማታ ማታ በእንጅባራ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ በቢሮው ግድግዳ ሥር የሚቆመውን ዕጩ መምህር ያላየ የለም።

ሰሞኑን «ሁለት ሦስት ራውተር ተገዝቶ በየቦታው ይሰካ» ሲባል እንሰማለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አሰካኩ ካልታሰበበት ገንዘቡን ውኃ በላው ማለት ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለው ለሰው እንጂ ለራውተር ሁልጊዜ አይሠራም።

ለምን ቢባል፣ ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ያደክመዋል፤ ቆርቆሮ ይመልሰዋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ቶሎ ያሸንፈዋል። ሞገዱን ከአየር ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፈው ሪፒተር የሚባለው ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መምህሩ ያሉትን ለጎረቤቱ እንደሚደግም ተማሪ ነው። እርሱ ራሱ በደንብ ካልሰማ ምን ይደግማል? ሲደግም ደግሞ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር አይሰማም። በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

የሚሻለው ገመድ ነው። አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል። ከአስተዳደሩ ሕንፃ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በእርምጃ ለክተነዋል፤ ከዚያ አይበልጥም። በገመዱ ጫፍ የሚሰካው ሁለተኛ ራውተር ለስልኮች አድራሻ የማደል ሥራው፣ ዲኤችሲፒ የሚሉት፣ ይዘጋ፤ በአንድ ቤት ሁለት አዛዥ አያስፈልግም። የራሱም አድራሻ ከመጀመሪያው የተለየ ይሁን። ስሙና የይለፍ ቃሉ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። በ2.4 ጊጋኸርዝ አንደኛው በቻናል 1፣ ሌላው በ6 ወይም በ11 ቢሠራ አይረባበሹም።

የሚቃወሙን አሉ። «መስመሩ አንድ ነው፤ ቦይ ቢበዛ ምንጩ አይጨምርም» ይላሉ። እውነት ነው። ግን የመስኖ ገበሬ ውኃ አነሰ ብሎ ቦይ አይደፍንም፤ ተራ ያወጣል እንጂ። እኛም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የፍጥነት ልክ ይውጣለት፤ በጥናት ሰዓት ፊልም ይዘጋ እንላለን። አሁን እኮ የሚጠጣው ምንጩ አጠገብ የቆመው ብቻ ነው!

የሞባይል ጥቅል ይግዙ የሚሉንም አይጠፉም። በየቀኑ ጥቅል የሚገዛበት ኪስ ያለው ስንቱ ነው? ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ሲቋረጥ በገመድ የሚመጣ መስመር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁላችንም አይተናል።

ከሁሉ በላይ ግን ነገን እናስብ። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መግባት ጀመረ። ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግነው በአቅራቢያው ባለመገኘቱ ብዙ ቦታ ጥቁር መስታወት ሆኖ ቀረ። እኛም ከዳንግላ እስከ ጃዊ፣ ከባንጃ እስከ ዚገም እንመደባለን። አንድ ቀን ለትምህርት ቤታችን ራውተር ቢመጣ ባለሙያ እስኪመጣ ልንጠብቅ ነው?

ስለዚህ ሥራው ለውጭ ሰው ከመሰጠቱ በፊት የአይሲቲ መምህሮቻችን እየመሩን እኛው እንሥራው፤ ትምህርትም ይሆነናል። ግቢው ኬብሉን፣ ቱቦውንና አንድ ራውተር ይግዛልን። ቱቦው የሚቀበርበትን ጉድጓድ እኛ እንቆፍራለን። ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃናል።