እናቴ ለገምጋሚዋ ቡና አፈላችላት

ዛሬ የምጽፈው ስለ እናቴ ነው። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ጻፍ፣ ስሜን ግን እንዳታነሣ» ብላኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ የሲዑድ እርዳታ አመለከትን። ለማታውቁት፣ ሲዑድ ማለት የጡረታ ዕድሜ ደርሰው በቤታቸው እየኖሩ ራሳቸውን መርዳት ያቃታቸው ሰዎች የሚያገኙት መብት ነው። ሕጉ ከ1988 ጀምሮ ይሠራል። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ስድስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ረዳት በሳምንት ለ5 ሰዓት ተኩል ያህል ትመጣለች፣ በስድስተኛው እስከ 30 ሰዓት ይደርሳል። ገቢም ይታያል፤ ዋናው ነገር ግን ገምጋሚ ቤታችሁ መጥታ የምትሞላው ቶፌስ ነው። እያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው። ነጥቡ ካልሞላ ምንም የለም።

ገምጋሚዋ ረፋድ ላይ እንደምትመጣ ተነግሮን ነበር። እናቴ ግን ገና ሳይነጋ ተነሥታ ኖሯል። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቀችን። ያን ቀሚስ ለመልበስ አንድ ሰዓት ያህል እንደፈጀባት፣ ክንዷን እጅጌው ውስጥ ማስገባት አቅቷት መሀል ላይ ቁጭ ብላ እንዳረፈች ቆይቶ ነው ለእህቴ የነገረቻት። ቤቱ ተጠርጓል፣ ረከቦቱ ቀርቧል። ሴትዮዋ ገና ሳትቀመጥ እናቴ ግድግዳውን ይዛ ተነሥታ ሳመቻት።

ጥያቄው ተጀመረ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«ልብስሽን ራስሽ ትለብሻለሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ገላሽንስ ራስሽ ትታጠቢያለሽ?»

«ታዲያ ማን ያጥበኛል ልጄ!»

«ወድቀሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ።»

በዚያው ወር ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ያነሣኋት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ሴትዮዋ ሽንት ያመልጣት እንደሆነ ጠየቀች። እንግዲህ እዚህ ላይ ወንድ ልጅ እናቱን ምን ብሎ ይጠይቃል? ጥያቄውን አልተረጎምኩትም። «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብዬ አለፍኩት። እሷም «ደህና» አለች፣ እኔም በዕብራይስጥ «ችግር የለም» አልኩ።

ሥራዬ ዖቬድ ሶትሲያሊ ነው። ስንቱን ቤተሰብ «ሐቁን ተናገሩ» ስል ኖሬ በገዛ እናቴ ቤት ዋሸሁ።

ከዚያ ቡናው ተፈላ። ሴትዮዋ ሁለት ስኒ ጠጥታ፣ አመስግና ሄደች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ አይገባትም ይላል። ገምጋሚዋን አልወቅስም። ያየችውን ነው የጻፈችው፤ ያየችው ደግሞ ተነሥታ የምትቀበል፣ ቡና የምታፈላ፣ ደህና ነኝ የምትል ሴትዮ ነው።

የነዚህ ጥያቄዎች ሥር ሩቅ ነው። ሲድኒ ካትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በክሊቭላንድ ከተማ በሽተኞችን ሲከታተል ቆይቶ በ1963 አንድ መለኪያ አሳተመ። መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ዛሬ በብዙ አገር የአረጋውያን እርዳታ የሚለካው በዚህ ወይም ከዚህ በወጣ መለኪያ ነው። መለኪያው መጥፎ አይደለም፣ እኔም በሥራዬ እገለገልበታለሁ። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይገምታል፤ የተጠየቀ ሰው ድካሙን ለማያውቀው ሰው ይናገራል ብሎ። እኛ ዘንድ ግን ይኼ ገመና ነው። እናቶቻችን ያደጉት ገመናቸውን ሸፍነው፣ እንግዳ ሲመጣ ሕመማቸውን ውጠው ነው። በጎንደር ይኼ ጨዋነት ነበር። እዚህ አገር ቶፌስ ላይ ሲጻፍ «ራሷን የቻለች» ይሆናል።

ደግሞ የማይጠየቅ ነገር አይቆጠርም። የሚያጫውት፣ በቋንቋዋ የሚያወራት ሰው ማጣቷን አንድም ጥያቄ አላነሣውም። ረዳት ስትመጣም ሰዓቱ የሚሰላው ለማጠቢያ፣ ለማልበሻ፣ ለምግብ ነው። አማርኛ የምታውቅ ረዳት ቁጭ ብላ የአገር ቤት ወሬ ስትሰማት እናቶቻችን ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ፤ ያ ግን ሥራ ተብሎ አይጻፍም።

የልጆችም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እኔ በ1991 ስመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ አንዲት ሴት ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ሥዕል እያሳየች ትጠይቀኝ ጀመር። መልሱን እንደምታውቀው ያስታውቃል። እኛ ቤት ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር ልጅ ሲጠይቅ ወይ ሊቀልድ ነው፣ ወይ ሊቆጣ ነው። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ዓይን እንደማላይና ዘገምተኛ እንደሆንኩ ተጻፈ። አባቴ ተጠርቶ ወረቀት ቀረበለት። «እርስዎ ያውቃሉ፣ አስተማሪ አይደሉ» ብሎ ፈረመ። ሁለት ዓመት ለብቻ በተለየ ክፍል ተማርኩ። አባቴን አሁንም አልቀየመውም፤ ያከበረ መስሎት ነው።

ያኔ ሌላ መንገድ እዚሁ አገር ውስጥ ነበረ። በ2014 የሞቱት የኢየሩሳሌሙ ፕሮፌሰር ሬኡቬን ፎየርሽታይን ልጅን አንድ ጊዜ ፈትኖ መፍረድ ልክ አይደለም ይሉ ነበር። ዘዴያቸው መጀመሪያ መፈተን፣ ከዚያ ማስተማር፣ ከዚያ እንደገና መፈተን ነው። የሚለኩት ልጁ ዛሬ የሚያውቀውን ሳይሆን ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደሚቀበል ነው። ከኛ ልጆችም ብዙዎች በዚህ ዘዴ ታይተዋል። ስለዚህ ዛሬ ልጃችሁ ለኢቭሁን ሲጠራ ወይም ስለ ልዩ ትምህርት ቫዓዳ ሲሰበሰብ ተገኙ፣ ተናገሩ፣ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ግቡ። ያልገባችሁን ወረቀት ለአክብሮት ብላችሁ አትፈርሙ።

ይኼን በአንድ ስብሰባ ላይ ስናገር አንድ አባት ተነሥተው «እንግዲህ አስመስሉ ነው የምትለን? ማልቀስ እንልመድ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። እውነቱን ለመናገር አረጋውያንን «ስትመጣ አቃስት፣ አልጋ ላይ ተኛ» እያሉ የሚያስጠኑ ሰዎች አሉ። ይኼ ነውር ነው፤ በኋላም ሐቀኛውን ያስጠረጥራል። እኔ የምለው ሌላ ነው። እናቴ ያን ቀን ያሳየችው የዓመቱን ምርጥ ቀን ነው። የተጠየቀችው ግን ስለ ዘወትር ኑሮዋ ነበር። መጥፎውን ቀን መናገር ውሸት አይደለም፣ መደበቁ ነው ሐቁን ያጎደለው።

ሁለተኛ ስናመለክት እህቴ አንድ ሳምንት ሙሉ በደብተር ያዘችው። መቼ ወደቀች፣ ስንት ጊዜ ለሊት ተነሣች፣ ማን አጠባት። እኔ ከአስተርጓሚነት ወጣሁ። እህቴ የሚያሳፍረውን ነገር ከገምጋሚዋ ጋር ወጥ ቤት ገብታ፣ እናቴ በሌለችበት ነገረቻት። እናቴንም የዘወትር ልብሷን እንድትለብስ ለመንናት።

ግን ይኼ ሁሉ ሸክም በቤተሰብ ላይ ብቻ መጣሉ ልክ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ልጅን የእናቱ አስተርጓሚ ማድረግ ማቆም አለባቸው። አማርኛ የሚችል ባለሙያ ይላኩ፤ ከኛው ልጆች ነርሶችም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችም አሉ። «ትችያለሽ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ከመሄድ «እስቲ ካልሲሽን ስታጠልቂ ልይ» ማለት ይሻላል። እናቴ ካልሲዋን እንዲያጠልቁላት ከጠየቀችን ሦስት ዓመት አልፏት ነበር።

በሁለተኛው ግምገማ ተፈቀደላት። ረዳቷ የመጣች የመጀመሪያ ቀን ማታ ደውዬ «ዛሬ ምን ሠራችልሽ?» አልኳት።

«ምን ትሠራልኝ፣ ከሩቅ መጥታ ደክሟታል» አለች። «ቁርስ አቀረብኩላት።»