ቀዛፊዎች ያዩት ትያትር

በቅርቡ በአንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ንግግር ያደረጉ ሰው «ሮማውያን እንዳሉት፣ ጦር ሲናገር ጥበብ ዝም ትላለች» ብለው ከመድረክ ወረዱ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ፤ የቆጨኝ ኋላ ቡና ላይ ስንቀመጥ ነው። አባባሉ አዲስ አይደለም፤ በሬዲዮም በጋዜጣም ሲመላለስ ኖሯል። ከጀርባው ያለውም እምነት የታወቀ ነው፦ ጥበብ የሰላም ልጅ ናት፤ ደጁ ጸጥ ያለለት ሕዝብ ይጽፋል፣ የሚዋጋ ሕዝብ ግን ሙታኑን ይቀብራል እንጂ ብዕር አያነሣም።

ሲጀመር ሮማውያን እንዲህ አላሉም። ለአባባሉ መነሻ የሆነው የሲሴሮ ንግግር ነው፤ እሱም የተናገረው ስለ ጥበብ ሳይሆን ስለ ሕግ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው) ሚሎ የተባለ ፖለቲከኛ ባላንጣውን ክሎዲዮስን መንገድ ላይ አስገድሎ ተከሰሰ፤ ጠበቃው ሲሴሮ ነበር። መሣሪያ ከተመዘዘ በኋላ ሕግ አፍ የለውምና ራሱን የተከላከለ ሰው አይጠየቅም ለማለት ነው ነገሩ ሁሉ። ከብዙ ዘመን በኋላ «ሕግ» የሚለው ቃል ተፍቆ «ጥበብ» ተተካበትና የነፍስ ግድያ መከላከያ የነበረው የሥነ ጽሑፍ ሕግ ሆኖ አረፈው። መከላከያነቱም ቢሆን አልሠራም። አደባባዩን የከበቡትን የጦር መሪውን የፖምፔን ወታደሮች ሲያይ ሲሴሮ ተንተባተበ፤ ሚሎም ተፈርዶበት ወደ ማሳሊያ ተሰደደ። በኋላ ሲሴሮ ንግግሩን አሳምሮ ጽፎ ቢልክለት፣ ያኔ እንዲህ አድርገህ ተናግረኸው ቢሆን ኖሮ ይህን የማሳሊያ ዓሣ መቼ እበላ ነበር ብሎ ቀለደበት ይባላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከግሪክ ደራሲዎች መካከል ስንቶቹ ጦር ሜዳ እንደዋሉ አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ በ424 የአምፊፖሊስን ከተማ ያስነጠቀ የጦር አዛዥ ነበር፤ ታሪኩን ሲጽፍ የኖረው ለዚህ ጥፋቱ በተፈረደበት የ20 ዓመት ስደት ውስጥ ነው። ሶፎክለስ ሳሞስን ለማስገበር ከዘመቱት አዛዦች አንዱ ነበር። ዜኖፎን 10 ሺህ ቅጥረኛ ወታደሮችን ከፋርስ ምድር መርተው ካወጡት አንዱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘርዝሮ እዚያው ላይ ያቆማል፤ ደራሲው ወታደርም ነበር፣ ሁለቱንም ቻለበት ብሎ ያደንቃል። እኔ የምለው ከዚህ ይበልጣል። የጦር ሜዳው ውሎ ለድርሰቱ ትርፍ ሥራ ወይም እንቅፋት አልነበረም፤ ድርሰቱ የተሠራው ከሱ ነው። ደግሞም የተዋጋው ጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ አድማጩም ተዋግቷል።

ለዚህ አንድ ሰው ይበቃኛል፤ የአቴናው የትያትር ደራሲ ኤስኪለስ። በ490 ፋርሶች ማራቶን ላይ ሲወርዱ ጋሻ አንግበው ከተሰለፉት መካከል ነበር። ወንድሙ ኪኔጌይሮስም እዚያው ነበር። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ ፋርሶች ተሸንፈው ወደ መርከቦቻቸው ሲሸሹ ኪኔጌይሮስ ባሕሩ ድረስ ተከትሎ የአንዷን መርከብ የኋላ ጫፍ በእጁ ጨምድዶ ያዘ። ከላይ ያሉት እጁን በመጥረቢያ ቆረጡት፤ በዚያው ሞተ።

ከ10 ዓመት በኋላ ፋርሶች ተመልሰው መጡ። ንጉሡ ዘርክሲስ ነው፤ የመጽሐፈ አስቴር ንጉሥ እሱ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ሄሮዶቱስ ሠራዊቱን ሲዘረዝር ገላቸውን ግማሹን በኖራ ግማሹን በቀይ አፈር ስለ ቀቡ፣ የነብርና የአንበሳ ቆዳ ስለ ለበሱ ኢትዮጵያውያንም ይነግረናል። ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሕዝብ ማለቱ ነው፤ እኛ ግን ስማችንን አይተን ዝም ብለን ማለፍ አይሆንልንም። ያ ሠራዊት አቴናን ባዶዋን አገኛትና አቃጠላት። ሕዝቧ ተሻግሮ ከሸሸባቸው ቦታዎች አንዱ የሳላሚስ ደሴት ነበር፤ በ480 መርከቦቹ የተጋጠሙት እዚያው ጠባብ ባሕር ውስጥ ነው። ኤስኪለስም በቦታው እንደነበር የዘመኑ ሰው የኪዮሱ ኢዮን ጽፏል። አንዲቷ የግሪክ የጦር መርከብ 170 ገደማ ቀዛፊ ትይዛለች፤ አቴና ብቻዋን ወደ 200 መርከብ አሰልፋለች። ቀዛፊዎቹ አብዛኞቹ መሬት የሌላቸው ድሆች ነበሩ፤ ጋሻ መግዣ የላቸውም፣ ክንድ ግን አላቸው።

አሁን ወደ 472 እንምጣ። ኤስኪለስ ለዲዮኒሶስ በዓል «ፋርሶች» የተባለውን ትያትር አቀረበ፤ ወጪውን የቻለው ያኔ ገና ወጣት የነበረው ፔሪክለስ ነው። በመቀመጫው ላይ ያለውን ሕዝብ እዩት። ከ8 ዓመት በፊት መቅዘፊያ የያዘ እጅ አሁን ጉልበቱ ላይ አርፏል። ከተማዋ ከቃጠሎው በኋላ የተሠራች ናት። ይህ ሕዝብ ምን ይጠብቃል? በሳላሚስ የአቴና አዛዥ የነበረው ቴሚስቶክለስ በስሙ ሲወደስ፣ የራሱ ሰፈር ሲነሣ፣ ፉከራና ቀረርቶ።

መድረኩ ላይ ያለው ግን አቴና አይደለም። ሱሳ ነው፤ የጠላት ቤተ መንግሥት። ሽማግሌዎች ወሬ ይጠብቃሉ። የዘርክሲስ እናት ክፉ ሕልም አይታ ተጨንቃለች። ይህቺ አቴና የምትባለው የት ናት፣ ጌታዋስ ማነው ብላ ትጠይቃለች፤ የማንም ባሪያ አይደሉም ይሏታል። ከዚያ መልእክተኛው ይደርሳል። የሞቱትን የፋርስ አለቆች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ በመጨረሻም ሌላ ዝርዝር ይከተለዋል። ከግሪኮች ወገን ግን አንድ ሰው እንኳ በስሙ አይጠራም፤ ቴሚስቶክለስም ቢሆን። ባሕር ውስጥ የወደቁት ፋርሶች በተሰባበረ መቅዘፊያና በመርከብ ስባሪ ሲደበደቡ መልእክተኛው መረብ ውስጥ ከገባ ዓሣ ጋር ያመሳስላቸዋል። መጨረሻ ላይ ንጉሡ ልብሱ ተቀዳዶ ይመጣል፤ ትያትሩ በሙሾ ያበቃል።

ያን ስባሪ መቅዘፊያ ማን ነበር የያዘው? መቀመጫው ላይ ያለው ሰው ነው! ኤስኪለስ ለዚያ ሰው መርከብ ከመርከብ ሲላተም ምን እንደሚመስል ማስረዳት አላስፈለገውም። የሠራውን ሥራ ከተሠራበት ሰው አፍ አሰማው እንጂ። በሰላም ያደገ ደራሲ ይህን ቢሞክረው ወይ ጠላትን ጭራቅ ያደርገዋል፣ ወይ ያባብለዋል። የወንድሙን እጅ በመጥረቢያ የቆረጡበትን ሕዝብ እናት አስለቅሶ፣ ያንን ልቅሶ ለቀዛፊዎች አሳይቶ፣ በዚያው አንደኛ ሽልማት መውሰድ የሚቻለው እዚያ የነበረ ሰው ሲጽፈውና እዚያ የነበሩ ሰዎች ሲያዩት ብቻ ነው። «ድል አድራጊዎች በተሸናፊ እየሳቁ ነው እንጂ ሐዘን የለበትም» የሚሉ አሉ። ለመሳቅ የሁለት ገጽ የሙታን ስም ማንበብ ያስፈልጋል? በእጃችን ካሉት ሙሉ የግሪክ ትያትሮች ሁሉ ቀዳሚው ይህ መሆኑንም አትርሱ።

አቴናውያን ከጦርነት በኋላ ጥበብ ዝም እንድትል የፈለጉበት ጊዜ እርግጥ ነበረ። ወዳጃቸው የሚሌጦስ ከተማ በ494 በፋርሶች እጅ ስትወድቅ ፍሪኒኮስ የተባለ ደራሲ ውድቀቷን ትያትር አደረገው። ተመልካቹ በሙሉ አለቀሰ። የገዛ መከራችንን አስታወስከን ብለው 1 ሺህ ድራክማ ቀጡት፣ ትያትሩም ዳግመኛ እንዳይታይ አገዱ። ዝም ያለ ሰው መቼ ይቀጣል!

የሲሲሊያዋን ከተማ ሲራኩስንም በአጭሩ ላንሣ። በ413 ተሸንፈው የተማረኩ ከ7 ሺህ የማያንሱ የአቴና ዘማቾችና አጋሮቻቸው ድንጋይ መፍለጫ ጉድጓድ ውስጥ ታጎሩ፤ ቱሲዲደስ የዕለት ቀለባቸውን በስፍር ሳይቀር ጽፎታል፣ አንድ ስኒ ውኃና ሁለት ስኒ እህል ያህል ነው። ፕሉታርክ እንደሚለው ከምርኮኞቹ አንዳንዶቹ የዳኑት የአቴናውን የትያትር ደራሲ የኤውሪጲደስን ግጥም በቃላቸው ስለሚያውቁ ነው፤ የሲራኩስ ሰዎች ግጥሙን እየሰሙ ምግብና ውኃ ሰጧቸው፣ ባሪያ ሆነው የነበሩትንም ለቀቋቸው። ከተረፉት አንዳንዶቹ አገራቸው ሲገቡ ወደ ደራሲው ቤት ሄደው አመሰገኑት።

ሮም ደግሞ ይብሳል። በ241 ከካርታጎ ጋር የነበረው የመጀመሪያው ጦርነት አበቃ፤ በ240 ሊቪዮስ አንድሮኒኮስ፣ ከታረንቱም የመጣው ግሪክ፣ በላቲን የመጀመሪያውን ትያትር ለሮም ሕዝብ አሳየ። ቀጥሎ የመጣው ኔቪዮስ በዚያው ጦርነት ዘምቶ ኋላ ጦርነቱን ራሱን በግጥም ተረከው። በ168 መቄዶንያ ስትወድቅ የሮሙ አዛዥ ኤሚሊዮስ ጳውሎስ የንጉሡን መጻሕፍት ለልጆቹ ወሰደላቸው። በዓመቱ ከግሪክ ከተወሰዱት 1 ሺህ መያዣ ሰዎች አንዱ ጶሊቢዮስ ነበር፤ የሮምን መነሣት ለዓለም የጻፈው ይህ እስረኛ ነው። የላቲን ሥነ ጽሑፍ ምርኮ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ያለ ካርታጎ አንድ ገጽ አይኖርም ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ ያመጣውን ሰላምና የዘመኑን ገጣሚዎች የሚያነሡብኝ ይኖራሉ። ቨርጂል ያደገበት የማንቱዋ አካባቢ መሬት እየተነጠቀ ለተመላሽ ወታደር ሲታደል ያየ ሰው ነው። ሆራስ በ42 ፊልጵስዩስ ላይ ከብሩተስ ጎን ተሰልፎ፣ ጋሻውን ጥሎ መሸሹን ራሱ ጽፏል። ኦቪድ ብቻ የሰላሙ ልጅ ነው፤ እሱን እሰጣቸዋለሁ። የአውግስጦስ ሰላም እሱን ወደ ጥቁር ባሕር ዳር አጋዘው።

ባለ ጥቅሱ ሲሴሮስ? የሮማውያን የእርስ በርስ ጦርነት በ49 ተነሣ። ከ46 እስከ 44 ባሉት ዓመታት ብቻ ስለ ንግግር ጥበብ፣ ስለ ሞት፣ ስለ እርጅና፣ ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ሰው ልጅ ግዴታ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ጻፈ። ከዚያ እስከ 43 ድረስ በማርቆስ እንጦንዮስ ላይ 14 ንግግሮች አወረደበት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የእንጦንዮስ ሰዎች መንገድ ላይ ደረሱበት። ጭንቅላቱን ብቻ ይዘው አልሄዱም፤ እጆቹንም ቆርጠው ወሰዱ፣ ሲናገርበት በነበረው የሮም መድረክ ላይም ሰቀሏቸው።